የቀትር ፀሐይና የልደታ ግቢ፦ ስለ ደጅ ሠርግ ፎቶግራፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





የጉባኤው አዘጋጆች ከዕለት ሥራችን ጥቂት ፈቀቅ ባለ ጉዳይ ላይ እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ የመረጥሁት ርእስ በግቢና በደጅ የሚደረግን ሠርግ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት ነው። መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ይህ ርእስ እንደ ጨዋታ ሊቆጠር ይችል ይሆናል። ሆኖም በሁለት ምክንያት የእኛም ጉዳይ ነው እላለሁ። አንደኛ፥ የብርሃን ችግር የልክ ችግር ነው፤ የሚለካ ነገር ደግሞ ለመሐንዲስ ባዕድ አይደለም። ሁለተኛ፥ «ለፎቶግራፍ አይመችም» የሚባለውን ሥፍራ የሚነድፈው፥ የሚያፈርሰውና የሚገነባው ከእኛው ሙያ የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ብርሃኑ፥ ቀጥሎም ስለ ሥፍራው እናገራለሁ። ከሁለቱም የማወጣው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ብርሃኑን ማሸነፍ ይቻላል፥ ይገባልም፤ ሥፍራውን ግን ከሥዕሉ ጨርሶ ማባረር አይገባም የሚል ነው።

1. የሠርጉ ወርና ሰዓት

እንደሚታወቀው በአገራችን ሠርግ የሚበዛው ጾም በሌለበት ወቅት ነው። ከገና በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት ቀኖች፥ ይልቁንም ጥር፥ ከፋሲካም በኋላ ያሉት ሳምንታት፥ ይልቁንም ሚያዝያ፥ የሠርግ ጊዜ ናቸው። በጥር ሰማዩ የጠራ ነው፤ በሚያዝያም ቢሆን በበልግ ደመና መካከል የምትወጣው ፀሐይ ብርቱ ናት።

የዕለቱ ሥርዓትም ለፎቶግራፍ አንሺ አያዝንለትም። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ወደ ሙሽራይቱ ወላጆች ቤት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ረፋድ ላይ ነው። በር ይያዛል፥ ይዘፈናል፥ አበባ ይሰጣል፥ የወላጆች ጉልበት ይሳማል። ሙሽሮቹ ከግቢው ሲወጡ ቀትር ሆኗል። ከዚያ ወደ መናፈሻ ይሄዳሉ፤ እስከ 9 ሰዓትም በዚያ ይቆያሉ። እንግዲህ ሠርጉ የሚፈልገው ሰዓት፥ ፎቶግራፍ አንሺው ምርጫው የእርሱ ቢሆን ኖሮ ካሜራውን ወደ ከረጢቱ የሚመልስበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን ግን የሚወስነው ሽማግሌው፥ ዘመዱና ድግሱ እንጂ እርሱ አይደለም።

ሥፍራውም ሌላ ፈተና ነው። ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ በዚህ አካባቢ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ፥ የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል፥ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመርና የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ይገኛሉ። የሠርጉ ድንኳን የሚተከለው ግን በሕንፃዎቹ መካከል ባለች ጠባብ ሜዳ፥ በመኪና ማቆሚያ፥ ወይም ከቀድሞው ሠፈር በተረፈ የጭቃ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ዙሪያውን የቆርቆሮ አጥር፥ የመብራት ምሰሶና የተወሳሰበ ሽቦ፥ የልብስ ማስጫ ገመድ፥ የውኃ ሮቶ፥ የዲሽ ሳሕንና ክዳን ያጣ ቦይ ይታያል። ፎቶግራፍ አንሺው በዚህ መካከል ሙሽራ አስውቦ እንዲያሳይ ይጠበቅበታል።

2. ፀሐይ የት ናት?

ልደታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ፥ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሁለቱም ቁጥሮች ለፎቶግራፍ ትርጉም አላቸው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስስ ይሆናል፤ በአዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስስ አየር የፀሐይን ጨረር ጥቂት ብቻ ስለሚበትን፥ ቀጥታ የሚወርደው ብርሃን ይበረታል፤ ከሰማይ ወደ ጥላው የሚገባው ብርሃን ግን ያንሳል። በዚህ ምክንያት የእኛ ጥላ ጠርዙ የተሳለ፥ ውስጡም የጠቆረ ነው።

ከምድር ወገብ ያለን ቅርበት ደግሞ የበለጠ ነገር ይነግረናል። በጥር 12 ቀን ገደማ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ከፍታዋም 61 ዲግሪ ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ 3 ሜትር ቁመት ያለው አጥር በዚያ ሰዓት በስተ ሰሜኑ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ስፋት ያለው ጥላ ይሰጣል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማቆም በቂ ነው። በሚያዝያ 5 ቀን ገደማ ግን ፀሐይዋ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በሚያዝያ 22 ቀን ከፍታዋ 84 ዲግሪ ያህል ሲሆን ያዘነበለችው ወደ ሰሜን ነው። ያው አጥር አሁን የሚሰጠው ጥላ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ፥ እርሱም በስተ ደቡቡ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፥ በጥር የተመቸን ጥግ በሚያዝያ ይመቸናል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ጥላው ጎን ለውጧል። ሁለተኛው፥ በአውሮፓ የተጻፉ የፎቶግራፍ መጻሕፍት የሚሰጡት ደንብ ለአውሮፓ ሰማይ የተሠራ መሆኑ ነው። «ፀሐይን ከትከሻህ በስተ ኋላ አድርግ» ይላሉ፤ ከአናት በላይ ያለች ፀሐይ ግን የማንም ትከሻ ኋላ አትገባም። «በሰሜን በኩል ያለ መስኮት ፀሐይ የማያገኘው የረጋ ብርሃን ይሰጣል» ይላሉ፤ በአዲስ አበባ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምትመጣው በዚያው በሰሜን በኩል ነው።

3. ነጭ ልብስና ጠይም ፊት

ሁለተኛው የብርሃን ችግር በአንድ ሥዕል ውስጥ እጅግ ብሩህና እጅግ ጥቁር ነገር አብሮ መቆሙ ነው። ነጭ ጨርቅ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን ይመልሳል፤ ጥቁር ሱፍ ግን ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነው። በአንድ ብርሃን ሥር ቢቆሙ ልዩነታቸው 20 እጥፍ ነው። ቬሎው ፀሐይ ላይ፥ ሱፉ ጥላ ውስጥ ቢሆን፥ ጥላውም የፀሐዩን አንድ ስምንተኛ ብርሃን ቢያገኝ፥ ልዩነቱ 160 እጥፍ ይደርሳል። መልካም የፎቶግራፍ ወረቀት ከነጩ እስከ ጥቁሩ ሊያሳይ የሚችለው ልዩነት ግን 100 እጥፍ ገደማ ነው። የዛሬው ዲጂታል ካሜራ ሰፊ ልዩነት ይቀበላል፤ ሆኖም መጨረሻው ወረቀት ወይም የስልክ መስኮት ስለሆነ ጠባቡ በር ያው ነው።

በዚህ ላይ የካሜራው የብርሃን መለኪያ የፊቱን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፥ ማለትም ከመቶ 18 ያህል ብርሃን የሚመልስ አድርጎ ይገምታል። ሙሽራይቱ ቬሎ፥ እናትየዋ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ፥ አባትየው ጋቢ ለብሰው በአንድነት ሲቆሙ መለኪያው ነጩን አይቶ «ብርሃኑ በዛ» ይላል፤ ሥዕሉንም ያጠቁረዋል። የሚጠፋው ጨርቁ ሳይሆን ፊቱ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር መልክ ያለው ሰው ከነጭ ልብሱ በላይ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይቀራል።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ ብቻ አይደለም። የቀለም ፊልም በተስፋፋበት ዘመን የኮዳክ ኩባንያ ላቦራቶሪዎች ቀለሙ መስተካከሉን የሚፈትኑበት ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ጥቁር ቡናማ ቀለምን ፊልሙ በደንብ እንዲለይ ያደረገው ማሻሻያ የመጣውም ከጥቁር ሕዝብ አቤቱታ ይልቅ፥ የእንጨት ዕቃና የቸኮላታ አምራቾች «የምርታችን ቀለም በማስታወቂያ ላይ አልታየም» ብለው በማጉረምረማቸው እንደ ነበር የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች መስክረዋል። እኛም ልንገነዘበው የሚገባን፥ መሣሪያ የሠሪውን ግምት ይዞ የሚመጣ መሆኑን ነው። ግምቱን የሚያርመው ተጠቃሚው ነው።

ማረሚያውም ቀላል ነው። ብርሃኑን ከሙሽራይቱ ፊት አጠገብ፥ በእጅ በሚያዝ መለኪያ መለካት ነው። ይህ መለኪያ ከሌለ የራስን እጅ በዚያው ብርሃን ውስጥ ዘርግቶ ከእጁ ጀርባ መለካት ይቻላል፤ የፎቶግራፍ አንሺው እጅ ብዙውን ጊዜ ከሙሽሮቹ ፊት ብዙ የራቀ መልክ የለውምና። ለፊት የተለካውን ይዞ፥ ነጩ ልብስ ጥቂት ቢነጣ ይሻላል። ጥልፉ የጠፋበት ቀሚስ ያሳዝናል፤ ፊቷ የጠፋባት ሙሽራ ግን ሥዕል አልተነሣችም።

4. መፍትሔዎቹ

ሀ) ደጃፍ። በድሀ ግቢ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚበልጠው ስቱዲዮ የቤቱ በር ነው። ሙሽራይቱ ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ግቢው ብታዞር፥ ጣሪያው የአናቱን ፀሐይ ይከለክልላታል፤ ከግቢው የሚገባው ብርሃን ከፊት ለፊት ይመጣል፤ ከበስተ ኋላዋ ያለው ክፍል ጨለማ ስለሆነ ምንም የሚረብሽ ነገር አይታይም። አንድም ሳንቲም አያስወጣም።

ለ) ነጭ አንሶላ። በቀትር ፀሐይ ለሚቆም ሰው ትልቁ ጠላት የዓይን ጉድጓድና የአገጭ ሥር ጥላ ነው። በሁለት ልጆች የተያዘ አንድ ነጭ አንሶላ፥ ከወገብ በታች ወደ ሙሽሮቹ ዘንበል ቢል፥ ብርሃኑን ከታች ወደ ፊት ይመልሳል። ቀለም ያለው እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። አረንጓዴ የተቀባ ቆርቆሮ አጥር አጠገብ የቆመ ሰው ጉንጩ ላይ አረንጓዴ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አጥሩም ሳይጠሩት አንጸባራቂ ሆኗል።

ሐ) ብልጭታ። ብዙዎች ፍላሽ ለሌሊት ብቻ ይመስላቸዋል። በፀሐይ ጊዜ ግን ጥላውን ለመሙላት ይጠቅማል። ለምሳሌ የፊልም ፍጥነት 100፥ መዝጊያው 1/125፥ ቀዳዳው ኤፍ 16 ቢሆንና የፍላሹ መሪ ቁጥር 32 ቢሆን፥ በ2 ሜትር ርቀት ከፀሐዩ ጋር እኩል ይሆናል። ይህ ይበዛል፤ ሰውየው ከወረቀት የተቆረጠ ይመስላል። ወደ 2.8 ሜትር ቢርቁ የፍላሹ ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፤ ጥላው ይሞላል፥ የፀሐይ መልክ ግን አይጠፋም።

መ) የድንኳን ጠርዝ። ነጭ ድንኳን ብርሃንን አለስልሶ ያስገባል። ሰማያዊ ወይም ቢጫ ሸራ ግን ፊትን ሁሉ ያቀልማል፤ ከጎን የሚገባው የደጅ ብርሃን ሌላ ቀለም ስላለው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ ሙሽሮቹን ከመካከል አውጥቶ ወደ ውጭ እንዲያዩ በጠርዙ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሠ) ጉልበት መሳም። ይህ ቅጽበት በሠርጉ ቀን ከሁሉ የከበረ ነው፤ ለካሜራም ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሙሽሮቹ ያቀረቅራሉና ፀሐይ የምታገኘው ጀርባቸውንና ጸጉራቸውን ብቻ ነው። ነገር ግን እናትየዋ ነጭ ለብሰው ከተቀመጡ፥ ልብሳቸው ራሱ አንሶላ ይሆናል። ከጉልበታቸው የሚነሣው ብርሃን ያቀረቀረውን ፊት ከታች ያበራዋል። ፎቶግራፍ አንሺው ማድረግ ያለበት፥ ሥርዓቱ ሳይጀመር ወንበሩ ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ እንዲሆን በትሕትና መጠየቅ፥ ከዚያም በጎን በኩል ዝቅ ብሎ መጠበቅ ነው።

5. ሥፍራውን ስለ ማጥበብ

አሁን ወደ መልከ ጥፉው ሥፍራ እንምጣ። እዚህም ጂኦሜትሪ ይረዳናል። በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ሙሽሮቹን ከ6 ሜትር ርቀት በ135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብናነሣቸው፥ ከእነርሱ 10 ሜትር ርቆ ካለው አጥር የሚታየው 4.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሙሽሮቹ በሥዕሉ ላይ ያንኑ ያህል ትልቅ ሆነው እንዲታዩ ከ1.25 ሜትር በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብናነሣቸው ግን፥ የሚታየው የአጥሩ ርዝመት 14.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። በአራት ሜትር ውስጥ ምሰሶም ቦይም የሌለበት ቦታ ማግኘት ይቻላል፤ በ14 ሜትር ውስጥ ግን ሁሉም ይገባል።

ሌላው ዘዴ ከፍ ብሎ ማንሣት ነው። ከሕንፃው ደረጃ ላይ ወይም ከወንበር ላይ ሆኖ ወደ ታች ያየ ካሜራ አጥሩንና ሽቦውን አያይም፤ የሚያየው መሬት ነው። ያም መሬት በሠርግ ቀን ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ነው። ከዚያ የተሻለ ምንጣፍ የትኛውም መናፈሻ የለውም።

6. ሥፍራውን ስለ ማስቀረት

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ሥፍራውን ስለ መሸሽ ነው። ሽሽቱ አዲስ አይደለም። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ከነበሩት ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከልጆቻቸው ወዲህ፥ በአዲስ አበባ የስቱዲዮ ሥራ ሲስፋፋ፥ ተነሺው ብዙ ጊዜ ይቆም የነበረው በጨርቅ ላይ በተሳለ ሥዕል ፊት ነው። በኋላ ጨርቁ ቀርቶ መናፈሻ ተተካ፤ የግዮን ሆቴል ግቢና የብሔረ ጽጌ መናፈሻ የስንት ሙሽራ ማስታወሻ ናቸው። ዛሬም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የተከፈቱት አዳዲስ መናፈሻዎች ተጨምረዋል። ሰው በሠርጉ ቀን መዋብ መፈለጉ ተገቢ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም።

ነገር ግን ወደ መናፈሻ የሚሄደው ማን ነው? ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ናቸው። አያት አይሄዱም፤ ጉልበታቸው አይፈቅድም። ወጥ የሚያማስሉት ጎረቤቶች አይሄዱም። የዕድሩን ወንበር የተሸከሙት አባወራዎች አይሄዱም። አልበሙ ሲያልቅ ሠርጉን የደገሱት ሰዎች የሉበትም።

ሥፍራውም የለበትም። ይህም እኛን ይነካል። ልደታ በመሀል አዲስ አበባ በመልሶ ማልማት ቀድመው ከተነሡት ሠፈሮች አንዱ ነው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የቀድሞው የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተተክተዋል። ነዋሪው አንዳንዱ እዚያው ቀረ፥ ሌላው ወደ ሌላ ሠፈር ሄደ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ፒያሳንና ካዛንቺስን የመሰሉ ሠፈሮችን መልክ በአጭር ጊዜ ለውጧል። ግንባታው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው የዛሬ ርእሴ አይደለም። የምጠይቀው፥ ከፈረሰው ምን ተመዝግቦ ቀረ? የሚል ነው። የእኛ የቅየሳ ሰነድ የይዞታውን ወሰን፥ ስፋቱን፥ የግድግዳውን ዓይነትና የካሳውን ግምት ያሳያል። በሩ ወደ የት ያይ እንደ ነበር፥ ቧንቧው ዘንድ ማን ይቆም እንደ ነበር፥ በአንድ አጥር ስንት ቤተሰብ ይጠራራ እንደ ነበር ግን አያሳይም።

ከልደታ ተነሥተው ዛሬ በከተማው ዳር በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ አልበም አሳይተውኛል። የመናፈሻውን ሥዕሎች አንድ በአንድ ሳያዩ ገለጡ። አንድ ሥዕል ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ሙሽራይቱ ከበር ስትወጣ የተነሣ፥ ፎቶግራፍ አንሺው ምናልባት ከቁም ነገር ያልቆጠረው ሥዕል ነው። «ይቺ በራችን ናት፤ ይቺ ቧንቧዋ ናት፤ ይኼ የዕድራችን ድንኳን ነው» አሉኝ። ቀጥለውም በአጥሩ ላይ ተንጠላጥለው የሚያዩትን ልጆች በስም በስም ጠሯቸው፤ «ይኼ ሞቷል፤ ይኼኛው ዐረብ አገር ነው፤ የዚችን እንጃ፥ ከተበተንን ወዲህ አላየኋትም።» በሥዕሉ ላይ የመብራት ምሰሶም፥ ሽቦም፥ የልብስ ገመድም ነበረበት። እርሳቸው አንዱንም አላዩት።

አንድ የሙያ ሰው «ደንበኛዬ የሚከፍለኝ ድህነቱን እንዳሳይ አይደለም» ሊል ይችላል። እውነት ነው። ሰውን የሚያሳፍር ሥዕል ማስረጃ ነኝ ብሎ ሊመጻደቅ አይገባውም። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። ክዳን የሌለው ቦይና የቆሻሻ ክምር የማንም ቤተሰብ ክብር አይደሉም፤ በረጅሙ ሌንስ ይወገዱ። በሩ፥ የግቢው ዛፍ፥ ቧንቧው፥ ድንኳኑና ጎረቤቱ ግን የቤቱ ሀብት ናቸው። እነዚህን ለማንሣት ባለቤቶቹን ማስፈቀድ፥ ብርሃኑንም ለመናፈሻው ሥዕል በምንጠነቀቀው ያህል መጠንቀቅ ይገባል። ሥፍራን መልከ ጥፉ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ በቸልታ መነሣቱ ነው።

7. የማቀርበው ሐሳብ

ሐሳቤ ትንሽና ወጪ የሌለው ነው። ማንኛውም ሠርግ አንሺ፥ ባለሙያም ሆነ ዘመድ፥ ሙሽሮቹ ወደ መናፈሻ ከመሄዳቸው በፊት ሦስት ሥዕሎች ያንሣ። አንደኛው ቤተሰቡ በሙሉ በደጃፉ፤ ሁለተኛው ከከፍታ ላይ ሆኖ ግቢውና ጎረቤቱ በሙሉ፤ ሦስተኛው ከግቢው በር ውጭ ያለው መንገድ፥ ሙሽሮቹ ሲወጡ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ለሁለተኛው ሥዕል የሚሻለው ከተቻለ የማታው ብርሃን ነው። በጥር አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ25 ገደማ ስለሆነ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን በእኛ አገር ምሽቱ ፈጣን ነው፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ወገግታ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም።

ለማኅበራችን አባላት ደግሞ ልዩ ልመና አለኝ። እያንዳንዳችን ቤት የወላጆቻችን የሠርግ አልበም አለ። ከሥዕሉ ጀርባ ዓመተ ምሕረቱን፥ ሠፈሩንና የሰዎቹን ስም፥ የሚያውቁት ሳያልፉ፥ በእርሳስ እንጻፍ። እንዲሁም አንድን ሠፈር ለማንሣት ሰነድ የምናዘጋጅ መሐንዲሶች፥ ከቅየሳው ጋር ነዋሪዎቹ ፈቅደው የሚያበድሩንን እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ቀድተን አብረን ብናስቀምጥ፥ ከፕላናችን ጎን ለጎን የሰው ፊት ይኖራል። የሕንፃን ዕድሜ በስሌት እናውቃለን። ከፈረሰ በኋላ የሚኖረውን ዕድሜ ግን የሚሰጠው እንዲህ ያለ ሥዕል ነው።